የሰው ወርቅ ለብሶ

«የዓለም 10 ኃያላን ጦር» የሚል ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሙዚቃው ይጮሃል፣ ተራኪው ድምፁን ያጎረንናል፣ ከዚያ ቁጥር ይዘንባል። ይህን ያህል ታንክ፤ ይህን ያህል ተዋጊ ጄት፤ ይህን ያህል መርከብ፤ በመጨረሻም እግረ መንገዱን ይህን ያህል ወታደር። ሰው ከመለዋወጫ ዕቃ ጋር ተደምሮ ሲቆጠር ማንም ቅር አይለውም። እኛ ደግሞ ለዚህ ነገር ልባችን ስስ ነው። ምንሽር፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ እየተባለ የጠመንጃ ስም እንደ ጻድቃን ስም ሲጠራ እየሰማን አድገን፣ ዛሬ ኤፍ-35 እና ኤም-4 ብንል ምን ይገርማል? እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ቡና ተፈልቶ ወሬ በደራበት ቤት ሁሉ የአሜሪካን ጦር ትጥቅ ከነሞዴሉ የሚዘረዝር አንድ ጋሼ አይጠፋም። ጠይቁት እስቲ። ያንን ሁሉ ትጥቅ የሚሸከመው ልጅ ስንት ኪሎ ይሸከማል? ደመወዙ ስንት ነው? ማታ የሚተኛው የት ነው? ዝም ይላል።

ስለዚህ እኔ ልናገር። በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ ከወታደሩ አናት እስከ ጫማው ማሰሪያ የተንጠለጠለው ነገር ሁሉ ጠበቃ አለው። ጠመንጃው አምራች አለው፤ መነጽሩ ባለአክሲዮን አለው፤ ሰደርያው የሚሰፋበት ፋብሪካ ሴናተር አለው። ጠበቃ ያጣው ከውስጥ ያለው ሰውዬ ብቻ ነው። የመከላከያው ጠቅላላ በጀት በዓመት ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለሆነ «ገንዘብ አጥሮ ነው» የሚል ማመካኛ እዚህ ቤት አይሠራም።

ከሸክሙ ልጀምር። በ2003 ጸደይ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 82ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር አፍጋኒስታን ሳለ፣ የጦሩ የራሱ አጥኚዎች ሚዛን ይዘው ከእግረኛው ጋር ግዳጅ ወጡ። የጦሩ መመሪያ ለውጊያ የሚሸከሙት ከ22 ኪሎ ገደማ፣ ለጉዞ ደግሞ ከ33 ኪሎ ገደማ እንዳይበልጥ ይላል። ሚዛኑ ግን መመሪያ አያነብም። የውጊያው ሸክም በአማካይ ወደ 29 ኪሎ፣ የጉዞው ወደ 46 ኪሎ፣ በክፉ ቀን የሚታዘዘው የጉዞ ሸክም ደግሞ 60 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ይህ አማካይ ነው። ከአማካዩ በላይ የተሸከመ አለ ማለት ነው። ከግማሽ ኩንታል ጤፍ በላይ አዝሎ የአፍጋኒስታንን ተራራ የወጣ፣ ወጥቶም ሮጦ እንዲተኩስ የሚጠበቅበት ልጅ ማለት ነው።

ምን ነው እንዲህ የከበደው? ከፊትና ከኋላ የሴራሚክ ሰሌዳ የተከተተበት ጥይት መከላከያ ሰደርያ፣ የራስ ቁር፣ ጠመንጃ፣ 7 ካዝና ጥይት፣ የእጅ ቦምብ፣ ውሃ፣ የሌሊት መነጽር፣ ሬዲዮ፣ ለሬዲዮውና ለመነጽሩ ደግሞ ባትሪ፤ ለባትሪው መጠባበቂያ ባትሪ። እያንዳንዱን ዕቃ የጨመረው ሰው ጥሩ ምክንያት ነበረው። ድምሩን የደመረ ግን አልነበረም። ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የተባለው የጦር ጸሐፊ የወታደር ሸክም ጦርን ያሽመደምዳል ብሎ መጽሐፍ ያሳተመው በ1950 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሸክሙ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ዛሬም ብዙ ወታደር ከሥራ ውጭ የሚያደርገው የጠላት ጥይት ሳይሆን ጉልበት፣ ወገብና ቁርጭምጭሚት ነው። ለጉልበት ግን ወታደራዊ ሰልፍ የለም፤ ሜዳሊያም የለም።

ይባስ ብሎ አሁን ጠመንጃው ራሱ ሊከብድ ነው። በ2022 ሲግ ሳወር ለተባለው ኩባንያ ኤም-4ን የሚተካ አዲስ ጠመንጃ እንዲሠራ የ10 ዓመት ውል ተሰጠው። ዛሬ ኤም-7 ይባላል፤ በ2024 ከ101ኛው ክፍለ ጦር ጀምሮ መታደል ጀምሯል። ጥይቱ ወፈር ያለ ነው፣ ጉልበቱም ትልቅ፤ የጠላትን ሰደርያ እንዲበሳ ተብሎ የታሰበ። እሺ፣ ይብሳ። ግን ኤም-4 የያዘ እግረኛ 210 ጥይት ይዞ ይወጣ ነበር፤ ባለ ኤም-7ቱ የሚይዘው 140 ነው። ጠመንጃው ደግሞ ከቀድሞው ወደ 1 ኪሎ ገደማ ይጨምራል፤ የድምፅ ማፈኛው ሲገጠምለት ይብሳል። ማለትም ብዙ ተሸክሞ ጥቂት ይተኩሳል። በ2025 አንድ የጦሩ ሻምበል ይህንኑ በአደባባይ ጥናት አድርጎ አቀረበ፤ አምራቹ ወዲያው ተነሥቶ አስተባበለ። ማን ትክክል እንደሆነ የጦር መሐንዲሶች ይከራከሩበት። እኔን የገረመኝ የክርክሩ መልክ ነው። ኩባንያው ለብረቱ ለመቆም አልዘገየም። ለልጁ ትከሻ የቆመው አንድ ሻምበል ነው፤ እሱም በራሱ ስምና በራሱ ዕዳ።

«ቢያንስ ትጥቁ ያድነዋል» የሚል ካለ ወደ ኢራቅ ልመልሰው። ጦርነቱ በ2003 ሲጀመር ሰሌዳ ያለው ሰደርያ ለሁሉም አልደረሰም ነበር። ወላጆች ከኪሳቸው እየገዙ በፖስታ ላኩ። በዓለም ትልቁ በጀት ያለው ጦር፣ እናት ለልጇ ሰደርያ የምትገዛበት ጦር ሆነ! ኮንግሬስ በ2004 ለገዙት ሰዎች በአንድ ዕቃ እስከ 1,100 ዶላር ይመለስላቸው ብሎ ሕግ እስኪያወጣ ደረሰ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ ኩዌት ሄዶ ወታደር ሰብስቦ ሲያነጋግር፣ አንድ የብሔራዊ ዘብ ወታደር ተነሣና ለመኪናችን መከለያ የሚሆን ቁርጥራጭ ብረት ከቆሻሻ መጣያ የምንለቅመው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሚኒስትሩ የሰጠው መልስ፣ ባጭሩ፣ ወደ ጦርነት የምትሄዱት በምትመኙት ጦር ሳይሆን ባላችሁ ጦር ነው የሚል ነበር። ጦርነቱን መቼ እንደሚጀምር የመረጠው መንግሥት ይህን ሲናገር የሚሰማውን ድፍረት አስቡት። ፈንጂ የሚችለው ከባድ ተሽከርካሪ በብዛት መግባት የጀመረው በ2007 ነው። እስከዚያ በቀጭን ቆርቆሮ መኪና መንገድ ላይ ለቀሩት ማን ይጠየቃል?

ሴቶቹማ ጭራሽ አልታሰቡም። እስከ 2010ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ለወንድ ደረትና ትከሻ የተሰፋ ሰደርያ ለብሰው ነው የዘመቱት። ጠመንጃውን ትከሻ ላይ ለማስደገፍ ሲሞክሩ ሰደርያው ይገፋቸው ነበር።

ቴክኖሎጂው ላይ ስንደርስ ቀልዱ ይጨምራል። በ2021 ለማይክሮሶፍት እስከ 22 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊደርስ የሚችል ውል ተሰጠ፤ ካርታውን፣ ጠላቱን፣ ጓዱን ሁሉ ዓይን ላይ የሚያሳይ መነጽር ይሠራ ዘንድ። ወታደሮቹ ሲሞክሩት ራስ ምታት፣ የዓይን ሕመምና ማቅለሽለሽ ያዛቸው። ውጊያ መሐል የሚያስመልስ መነጽር! ፕሮጀክቱም በ2025 ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ። 22 ቢሊዮኑ ሁሉ ወጪ አልሆነም ይበሉኝ፤ ግድ የለም። እኔ የምጠይቀው ያ ሐሳብ ፊርማ ሲያገኝ የወታደሩ መኝታ ቤት ሻጋታ ለምን ፊርማ እንዳላገኘ ነው።

ሻጋታ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። በ2022 ፎርት ብራግ በተባለው የጦር ካምፕ ውስጥ ሻጋታ ከወረረው ሰፈር ከ1 ሺህ በላይ ወታደር እንዲወጣ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት የመንግሥቱ የራሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት የወታደር መኖሪያዎችን ዞሮ አይቶ ሻጋታ፣ የፈነዳ ፍሳሽና ተባይ አገኘ። የመከላከያው የራሱ የዳሰሳ ጥናት ደግሞ በሥራ ላይ ካሉት ወታደሮች አራተኛው እጅ ገደማ በቂ ምግብ ለመግዛት እንደሚቸገር አሳይቷል። እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ጀማሪው ወታደር በወር የሚያገኘው መሠረታዊ ደመወዝ 2,200 ዶላር አይሞላም ነበር፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጭማሪ ተደርጎ 2,300 ገደማ ደረሰ። አናቱ ላይ ያሰረው የሌሊት መነጽር ከወር ደመወዙ በላይ ያወጣል። የእሱም አይደለም። ፈርሞ የተረከበው የመንግሥት ንብረት ነው፤ በቸልተኝነት ከጠፋበት ይከፍላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ማን ነበር?

አሁን ስለ ጆሮ። የማውቀው ልጅ አለ፤ ከጦሩ ከወጣ ቆይቷል። የት እንደነበረ አልናገርም። አብረን ስንቀመጥ ሬዲዮ ሳይከፍት አይቀመጥም። አንድ ቀን ብዘጋበት፣ «ጋሼ፣ ተወው፤ ዝም ሲል ነው የሚብሰኝ» አለኝ። ጆሮው ውስጥ ሌት ተቀን የሚያፏጭ ነገር አለ። በአሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮች የአካል ጉዳት ካሳ ከሚያስገኙ ምክንያቶች ሁሉ አንደኛው ይኸው የጆሮ ጩኸት ነው። እግር መቆረጥ አይደለም፤ እንደ ፊልሙ ጠባሳ አይደለም። በማንም ፎቶግራፍ ላይ የማይታይ ፉጨት ነው። ስሪ ኤም የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ለጦሩ የሸጠው የጆሮ መድፈኛ በትክክል አይገጥምም፣ ኩባንያውም ያውቅ ነበር ተብሎ ከ250 ሺህ በላይ የሚሆኑ ወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች ከሰሱት። በ2023 ጥፋተኝነቱን ሳያምን 6 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ተመልከቱ፤ መድፈኛ በዶላር የሚቆጠር ርካሽ ዕቃ ነው። በዝርዝር ቪዲዮ ላይ አይወጣም። ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት የሄደው ወታደሩ ራሱ ነው፤ ለዚያውም ጆሮው ከሄደ በኋላ።

ግዳጁን ደግሞ እንይ። ካርታ ላይ ሲታይ ያኮራል፤ ደቡብ ኮሪያ 28,500፣ ጀርመን ከ30 ሺህ በላይ፣ ጃፓን፣ ኩዌት፣ ፖላንድ፣ ከእኛው አጥር ሥር ጅቡቲ ካምፕ ለሞኒዬ። ከ2011 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት አርባ ምንጭ ላይ ሳይቀር የድሮን ሰፈር ነበራቸው። ነጥቦቹን የሚደምር ሰው ኃያልነት ያያል። እኔ የማየው ሌላ ነው። በ2007 ኢራቅና አፍጋኒስታን የሚዘምተው የምድር ጦር የአንድ ግዳጅ ጊዜ ከ12 ወደ 15 ወር ተራዘመ። ውሉ ያለቀበትን ወታደር «አትወጣም» የሚል ትእዛዝም ነበር፤ በ2001 ከጀመረው ጦርነት ወዲህ ከ100 ሺህ በላይ ሰው በዚያ ተይዟል። ፈርመህ ገባህ፣ ጊዜህን ጨረስክ፣ ሻንጣህን አሰርክ፤ ከዚያ ፊርማህ አንተን እንጂ እነሱን እንደማያስር ነገሩህ።

በየጦር ሰፈሩ ጓሮ ደግሞ ቆሻሻ በጉድጓድ ይቃጠል ነበር። ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ ቀለም፣ የሕክምና ቆሻሻ፣ በአውሮፕላን ነዳጅ ተለኩሶ። ኢራቅ ባላድ ውስጥ የነበረው ትልቁ ነበር። ጭሱ የሚገባው መኝታው ውስጥ ነው። ሳንባቸው የታመመባቸው ዓመታት ሙሉ ማመልከቻ ሲያስገቡ አብዛኛው «ማስረጃ የለም» እየተባለ ተመለሰ። ሕመማቸው ከጭሱ የመጣ ነው ብሎ የሚቀበል ሕግ የወጣው በነሐሴ 2022 ነው፤ ለዚያውም የቀድሞ ወታደሮች በኮንግሬሱ ደረጃ ላይ አድረው ከለመኑ በኋላ።

ጥር 2024፣ ዮርዳኖስ ከሶሪያ በምትዋሰንበት በረሃ፣ ታወር 22 በተባለ ትንሽ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ላይ አንዲት ድሮን በንጋት መጥታ የወታደሮቹን መኝታ መታች። ሦስት ሞቱ፤ ከ40 በላይ ቆሰሉ። የሞቱት ከጆርጂያ የመጡ ተጠባባቂ መሐንዲሶች ናቸው፤ ሁለቱ በ20ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች። ጥይት የሚመልሰው ሰሌዳ በተኛ ሰው ላይ ምን ያደርጋል?

አንድ ቁጥር ልጨምርና ይህን ክፍል ልዝጋው፤ ማንም ተራኪ በሙዚቃ አጅቦ የማያነበው ቁጥር ስለሆነ። የብራውን ዩኒቨርሲቲ የጦርነት ወጪ ጥናት በ2021 እንዳወጣው፣ ከ2001 ወዲህ በነበሩት ጦርነቶች በግዳጅ ላይ የሞቱት አሜሪካውያን ወታደሮች 7,057 ናቸው። በእነዚሁ ዓመታት ካገለገሉት መካከል በሥራ ላይ እያሉም ከወጡ በኋላም ራሳቸውን ያጠፉት ደግሞ 30,177 እንደሆኑ ይገመታል። ከአራት እጥፍ በላይ። ለዚህ የሚሆን ሰደርያ ማን ጨረታ አወጣ?

«ለእኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በሚገባ ያገባናል! በ2009 የተጀመረ፣ በተለይ ቋንቋ ለሚያውቁና ለሐኪሞች የተከፈተ የምልመላ ፕሮግራም ነበር፤ ግሪን ካርድ እንኳ ያልያዘ ስደተኛ ጦሩን ተቀላቅሎ ቶሎ ዜጋ እንዲሆን። ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከየአገሩ ከ10 ሺህ በላይ ሰው በዚያ በር ገባ። ከዚያ በ2016 በሩ ተዘጋ። ውል ፈርመው ሥልጠና የሚጠብቁ ሰዎች በደኅንነት ምርመራ ስም ዓመታት ተንጠለጠሉ፤ ቪዛቸው እያለቀ። በ2018 ያለ በቂ ማብራሪያ የተሰናበቱ ነበሩ፤ ፍርድ ቤት ሄደው የተከራከሩም አሉ። ቋንቋቸው ሲፈለግ ልጆቼ፣ ሲጠረጠሩ ባዕድ። በ2022 ጦሩ ከ60 ሺህ ምልምል ዕቅዱ 15 ሺህ ሲጎድልበት ደግሞ እንደገና ስደተኛው ትዝ አለው፤ በመሠረታዊ ሥልጠና ላይ እያለ ዜግነት እንዲያገኝ መንገዱ ተጠረገ። ይህን በጎ ነገር ነው የሚል ይኖራል፤ ለብዙዎችም በጎ ሆኗል። እኔ የምለው፣ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ፍላጎታቸው እንጂ ያንተ ውለታ አይደለም።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1951 ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ሲወርድ ከራስ ቁር እስከ ጫማ በአሜሪካ ትጥቅ ነው የታጠቀው፤ የተሰለፈውም በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው። 122 ልጆቻችን እዚያ ሞቱ። እኛስ ምን እናወራለን? ስንት ውጊያ እንዳሸነፉና አንድም ምርኮኛ እንዳልሰጡ። ኩራቱ ይገባቸዋል፤ አልነጥቃቸውም። ግን ተመልሰው ኮሪያ ሰፈር የገቡት፣ ደርግ መጥቶ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሲሆን ስማቸውን እንኳ በአደባባይ ለመጥራት የፈሩት እነዚያ አባቶች እንዴት እንደኖሩ የሚያወራ ስንት ነው? ውጊያ ቆጥረን ሰው መርሳት ከፈረንጅ የተማርነው ብቻ አይደለም።

ለጦሩ የማደላለት አንድ ነገር አለ፤ ትምህርቱ። ከ2008ቱ ሕግ በኋላ በቂ ዓመት ያገለገለ ሰው የ36 ወር የኮሌጅ ክፍያ ያገኛል፤ ይህ እውነት ነው፣ ብዙ የድሃ ልጅ ዲግሪ ይዞበታል። በራሳችን ማኅበረሰብ ውስጥ በዚያ መንገድ ነርስና መሐንዲስ የሆኑ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅ ኮሌጅ ለመግባት ወገቡን ማስያዝ የሚገደድበት አገር ለዚህ ይመስገን አልልም።

እና ልጃችሁ ሊፈርም ከሆነ እባካችሁ ጠመንጃውን ተዉትና ወረቀቱን ያዙ። ትምህርት ቤቱ የልጃችሁን ስም፣ አድራሻና ስልክ ለመልማዮች እንዲሰጥ የፌዴራል ሕግ ያዘዋል፤ ወላጅ ግን «አትስጡ» ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ይችላል። ይህን የሚያውቅ የሐበሻ ወላጅ እስካሁን ብዙም አልገጠመኝም። መልማዩ ቤት ሲመጣ ሳምቡሳ አቅርባችሁ ፎቶ ከመነሣት በፊት ጠይቁት። አራት ዓመት ነው ሲላችሁ፣ ውሉ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ግዴታ 8 ዓመት እንደሆነና ቀሪው ጊዜ በተጠባባቂነት እንደሚቆጠር፣ በዚያ ጊዜም መልሶ መጥራት እንደሚቻል አሳዩት። ሥራው ኮምፒውተር ነው ሲላችሁ፣ የሥራ መደቡ መለያ ቁጥር በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ጠይቁት። በቃል የተነገረ ተስፋ ዋጋ እንደሌለው ውሉ ራሱ ይናገራል። ጉልበቱ ቢጎዳ በየጊዜው ክሊኒክ ሄዶ ማስመዝገብ እንዳለበት ለልጁ ንገሩት፤ ያልተመዘገበ ሕመም በኋላ አልታመምክም ይባላል። «እሱ ችግር የለውም» ካለ፣ «እንግዲያው እዚህ ጻፈው» በሉት። ካልጻፈ የልጁን መታወቂያ ከጠረጴዛው ላይ አንሡና በሩን ክፈቱለት።